የታክሲ ተራ ላይ የስልክ ስርቆትን እንዴት መቀነስ ይቻላል?

አዲስ አበባ ውስጥ «ሜክሲኮ አደባባይ ሌባ በዝቷል» ተብሎ ለፖሊስ ቢነገር ፖሊሱም «አውቃለሁ» ከማለት ሌላ የሚያደርገው የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ችግሩን አጥብቡት። ምን ተሰረቀ? በስንት ሰዓት? የትኛው ተራ ላይ? በምን ዘዴ?

ዘዴው ላይ አትቸኩሉ። ምሽት 12 ሰዓት ታክሲ ሲመጣ ሰው በሩ ላይ ይጋፋል። አንዱ ደረጃው ላይ ቆሞ የሚገባ እየመሰለ መንገድ ይዘጋል፣ ሌላው ከኋላ ኪስ ይበረብራል። ተሳፋሪው የሚነቃው ወያላው «ሒሳብ» ሲለው ነው። የትራፊክ መብራት ላይ በቆመ ሚኒባስ መስኮት ዳር ሆኖ የሚያወራው ደግሞ ስልኩን ከጆሮው ላይ ይነጠቃል። ሁለቱም «ስልኬን ወሰዱት» ይላሉ፤ መድኃኒቱ ግን ለየቅል ነው።

ቀጥሎ «ለምን እዚህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሌባውን፣ ተሰራቂውንና ቦታውን ለየብቻ እዩ። ተራ አስከባሪውና ሊስትሮው ከማንም በላይ ያውቃሉ። ስም ጥሩ አትበሏቸው፤ ነገም እዚያው ነው የሚውሉት። ሰዓቱንና አካሄዱን ከነገሯችሁ በቂ ነው።

ከዚያ እንደ ዘዴው መላ ምቱ። ለግፊያው ሰልፍ ማስያዝ፣ ተራውን ብርሃን ወዳለበት ማዛወር፣ የማኅበረሰብ ፖሊሱ በዚያችው ሰዓት እዚያው እንዲቆም ማድረግ። ለንጥቂያው ወያላው መብራት ላይ «መስኮት ዝጉ» ቢል ይበቃል። ወጣቱን ሁሉ ማፈስ ግን እኔ በበኩሌ አልመክርም፤ ቦታው እንደነበረ ነውና ሌላ ሌባ ይተካል።

አሜሪካዊው የሕግ ፕሮፌሰር ኸርማን ጎልድስቲን እ.ኤ.አ. በ1979 ይህንኑ ነበር የጻፈው፤ ፖሊስ በየጥሪው ከመሮጥ ጥሪውን የሚያመጣውን ችግር ይፍታ። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ተመራማሪዎቹ ጆን ኤክና ዊልያም ስፔልማን በአሜሪካ ኒውፖርት ኒውስ ከተማ የተሞከረውን አሠራር በአራት ደረጃ አስቀመጡት፦ መለየት፣ መመርመር፣ መፍታት፣ መመዘን።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው መመዘኑ ነው። መላው ከመጀመሩ በፊት በነበሩት አራት ሳምንታት፣ ከ11 እስከ 1 ሰዓት፣ ስንት ስልክ ጠፋ? ከተጀመረ በኋላስ? የፖሊስ መዝገብ ብቻ አይበቃም፤ ብዙ ሰው ስልኩ ሲጠፋ ሲም አውጥቶ ዝም ይላል። ተራ አስከባሪው በደብተር ጭረት ይያዝ። የሚቀጥለውን ተራም አብራችሁ ቁጠሩ፤ እዚህ ሲቀንስ እዚያ ከጨመረ ሌባው መንገድ ተሻገረ እንጂ ሥራውን አልተወም።