የዌብ ዲዛይንና የኢሜይል አዳዲስ ፊቸሮችን ስንሞክር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ማኅበር ወርኃዊ የኢሜይል ደብዳቤ የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። የምንጠቀምበት ፕሮግራም የተቀባዩን ስም ከመዝገብ እያነሳ በየደብዳቤው አናት ላይ በራሱ የሚያስገባ አዲስ ፊቸር ስለነበረው፣ የእንቁጣጣሹን መልካም ምኞት በእሱ ለመላክ ወሰንኩ። ፕሮግራሙ በሚያሳየው ናሙና ላይ ስም በቦታው መግባቱን አየሁና ለሁሉም ላክሁት። በማግስቱ አንዲት አባል ደውለው፣ ደብዳቤው የተጻፈው ካረፉ ሁለት ዓመት ለሆናቸው አባታቸው እንደሆነ በጨዋነት ነገሩኝ። ፕሮግራሙ የተሠራው በቤተሰብ ስም መጠራራት ልማድ በሆነበት አገር ነውና፣ «ውድ» ካለ በኋላ ያስከተለው የመጨረሻውን ስም ነበር፤ በእኛ ዘንድ ግን ያ ስም የአባት ነው።

ጥፋቴ ፊቸሩን መሞከሬ ሳይሆን በናሙና ላይ ብቻ መሞከሬ ነው። ናሙናው ምንጊዜም ጉድለት የሌለበት ነው፤ እውነተኛው መዝገብ ግን አንዱ ስሙን በአማርኛ ሌላው በላቲን ፊደል የጻፈበት፣ አንዳንዱም ጭራሽ ባዶ የተወው ነው። ስለዚህ አሞላላቸው የተለያየ አምስት ስድስት ሰዎችን መርጦና አስፈቅዶ ለእነሱ አስቀድሞ መላክ ያስፈልጋል። የአማርኛ ግስም ጾታ ስለሚለይ፣ የተቀባዩን ጾታ የማያውቅ ፕሮግራም «እንኳን አደረሰህ» የሚለውን ለሴቶችም ይልከዋል፤ «እንኳን አደረሰዎ» ማለት ግን ከዚህ ስህተት ያድናል፣ ለበዓል ደብዳቤም ይስማማል።

ሌላው ስህተት ኢሜይልን እንደ ድረ ገጽ መቁጠር ነው። አውትሉክ የተባለው የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም በዊንዶውስ ላይ ከ2007 እትሙ ጀምሮ ደብዳቤን የሚያሳየው ለሰነድ መጻፊያ በተሠራው በማይክሮሶፍት ዎርድ ሞተር በመሆኑ፣ በብሮውዘር ላይ ያማረው ፍሌክስቦክስ ወይም ግሪድ (የገጽ ክፍሎችን በመደዳና በሰንጠረዥ መልክ መደርደሪያ ዘዴዎች) እዚያ ሲከፈት ይበታተናል፤ አዲሱ አውትሉክ ከዚህ ቢላቀቅም የቀድሞውን የሚጠቀም ቢሮ ዛሬም አለ። ጂሜይል ደግሞ ላኪው የመረጠውን የዌብ ፎንት (ከኢንተርኔት የሚጫን የፊደል ቅርጽ) አይጭንም። በኖቶ ፎንት ያሳመርነው የአማርኛ ርእስ በተቀባዩ መሣሪያ ላይ መሣሪያው ላይ አስቀድመው ባሉት በኒያላ፣ በኤብሪማ ወይም በኬፋ ሊወጣ ይችላል፤ የፊደሎቹ ስፋት ስለሚለያይ በአንድ መስመር ያለቀው ርእስ ሁለተኛ መስመር ላይ አንዲት ቃል ጥሎ ይቀራል። ይህን ሽሽት ጽሑፉን በሙሉ ፎቶ አድርገው የሚልኩ አሉ፤ የተቀባዩ ፕሮግራም ፎቶ ካገደ ግን የሚደርሰው ባዶ ሳጥን ነው።

ከዚሁ ጋር ብዙ ሰው የማያስተውለው የክብደት ጉዳይ አለ። ጂሜይል የመልእክቱ ኮድና ጽሑፍ ከ102 ኪሎባይት ገደማ ሲያልፍ ቀሪውን ቆርጦ ከሊንክ ጀርባ ያስቀምጠዋል። ዛሬ በብዛት በሚሠራበት የፊደል ኮድ በዩቲኤፍ-8 አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የአማርኛ ቃል በፊደል ቁጥር አጠር ማለቱ ልዩነቱን ያጠብበዋል እንጂ አያካክሰውም። ክፍሎችን እየጎተቱ በማስቀመጥ ብቻ ዲዛይን የሚሠራባቸው አዳዲስ ማዘጋጃዎች ደግሞ ለእያንዳንዱ ክፍል ብዙ ኮድ ይጨምራሉ። ተቆርጦ የሚቀረው የደብዳቤው ግርጌ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከዝርዝሩ መውጫው ሊንክ ያለው እዚያ ነው። መውጫ ያጣ ሰው «ስፓም» የሚለውን ይጫናል። ጂሜይል ከፌብሩዋሪ 2024 ወዲህ በቀን ከ5,000 በላይ መልእክት የሚልኩለትን የስፓም አቤቱታቸው 0.3 በመቶ እንዳይደርስ ስለሚጠይቅ፣ ይህች ትንሽ ነገር የላኪውን ስም ታበላሻለች።

በድረ ገጽ በኩል የከፋው ስህተት ሰው እየገባበት ባለው ገጽ ላይ መሞከር ነው። ድረ ገጽ መሥሪያው ፕሮግራም ዎርድፕሬስ በዲሴምበር 2018 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር 5.0 እትሙን ሲያወጣ የጽሑፍ ማዘጋጃውን በሙሉ ቀይሯል፤ ከአዲሱ ጋር የማይስማማ ፕለጊን (በላዩ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) የነበረው ሰው ችግሩን ያየው በራሱ ገጽ ላይ ነው። መፍትሔው የገጹን ኮፒ ለብቻው አስቀምጦ እዚያ መሞከር ነው፤ ሆስቲንግ (ድረ ገጽ የሚቀመጥበት ቦታ) የሚያቀርቡ ብዙ ድርጅቶችም ይህን በአንድ በተን ይሠራሉ። ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አለኝ ብሎ መዝናናትም ከስህተቱ የሚቆጠር ነው። የገጹ ጽሑፍ የተከማቸበት ዳታቤዝ የተገለበጠው ግእዝን በማይዝ የፊደል ኮድ ከሆነ፣ ባክአፑ ሲመለስ ገጹ በጥያቄ ምልክት ተሞልቶ ይመጣል፤ ያ ጥያቄ ምልክት ደግሞ ወደ ፊደል አይመለስም። ስለዚህ አዲሱን ነገር ከማብራት በፊት ባክአፑን በኮፒው ላይ መልሶ አንድ የአማርኛ ገጽ ከፍቶ ማንበብ ግድ ነው። አሥር ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

ስለ ብሮውዘር ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ በራስ ስልክ ላይ መሥራቱ ለአንባቢው መሥራቱን አያረጋግጥም፣ አሮጌ አንድሮይድ ተውሶ ዋይፋዩን አጥፍቶ መክፈት በቂ ፈተና ነው።

የውጤት አለካክም ያሳስታል። አፕል በ2021 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በስልኩ ሥርዓት በአይኦኤስ 15 ባመጣው የኢሜይል ግላዊነት ጥበቃ ምክንያት፣ ይህን ያበራ ሰው ደብዳቤውን ሳይከፍተውም ፎቶዎቹ አስቀድመው ስለሚጫኑ እንደተከፈተ ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚህ አዲስ ርእስ ወይም አዲስ ዲዛይን «ተወደደ» ብሎ ለመፍረድ የተከፈተበትን መጠን ሳይሆን ሊንኩን የተጫኑትንና መልስ የጻፉትን መቁጠር ይሻላል። ርእሱን፣ ቀለሙንና የመላኪያ ሰዓቱን በአንድ ቀን ቀይሮ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ግን በምንም መለኪያ አይቻልም።

በመጨረሻም ሥራን በሙሉ በሙከራ ላይ ባለ ነገር ማስደገፍ አለ። ገና በሙከራ ላይ ያለ ለማለት የሚለጠፈው «ቤታ» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ አይነግርም፤ ጂሜይል በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2004 እስከ 2009 ይህን ስም ይዞ ሲቆይ ሚሊዮኖች ይጠቀሙበት ነበር፤ በ2014 የወጣው «ኢንቦክስ» የተባለው የጎግል ፕሮግራም ግን በ2019 ሲዘጋ፣ ተጠቃሚዎቹ ደብዳቤያቸውን በጥቅል በጥቅል የሚያዩበትን አሠራር ትተው ወደ ጂሜይል ተመልሰዋል። እኔ አሁን አዲስ ፊቸር ሳበራ ያበራሁበትን ቀን፣ የት ገብቼ እንደማጠፋውና መረጃዬን በምን ዓይነት ፋይል አውጥቼ እንደምወስድ በደብተር እጽፋለሁ። ሦስተኛውን መጻፍ ካልቻልኩ አላበራውም።