የፍሪጅ ጋዝ ከውጭ ለማስገባት፦ ፈቃዱ ከዕቃው ይቀድማል

ጎንደር ውስጥ ፍሪጅ የሚጠግን ሰው ጋዝ ሲያልቅበት ብዙውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ጅምላ ሻጭ ያስመጣል፤ ሥራው ሲሰፋ ግን ራሱ አስመጪ ለመሆን ያስባል። ይህን ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባው ነገር ፈቃዱ ከዕቃው የሚቀድም መሆኑን ነው። ለሌላ ሸቀጥ ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ የጎደለ ወረቀት ሊሟላለት ይችል ይሆናል፤ የኦዞንን ንጣፍ የሚጎዳ ኬሚካል ያለ ቅድመ ፈቃድ መርከብ ላይ ያስጫነ ነጋዴ ግን ገንዘቡን አደጋ ላይ ጥሏል።

የሥርዓቱ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1987 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተፈረመው፣ የኦዞንን ንጣፍ የሚጎዱ ኬሚካሎችን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ሲሆን፣ በ1997 የተደረገው ማሻሻያ አባል አገሮች አዲስም ሆነ ያገለገለ፣ ወይም ተጣርቶ የታደሰ ኬሚካል ሲገባና ሲወጣ በፈቃድ እንዲቆጣጠሩ አስገድዷል። ኢትዮጵያ በ1994 የፕሮቶኮሉ አባል ሆናለች፤ በ2011 ደግሞ የኦዞንን ንጣፍ ለመጠበቅ አዋጅ ቁጥር 716 ወጥቷል። ጉዳዩን የሚከታተለው የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነው።

ማመልከቻ ከመጻፍ በፊት የሚገዛውን ጋዝ በትክክለኛ ስሙ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በገበያ ሁሉም «ፍሪዮን» ይባላል፤ ይህ ግን የንግድ ስም ስለሆነ ማመልከቻ ላይ አይረዳም። አሮጌዎቹ ፍሪጆች የሚሠሩበት አር-12 ከሲኤፍሲ ወገን (ኦዞንን በእጅጉ ከሚጎዱት ጋዞች) ሲሆን፣ በማደግ ላይ ባሉ አገሮችም ከ2010 ጀምሮ ተቋርጧል። አር-22 የኤችሲኤፍሲ ወገን (ኦዞንን ቢጎዳም ጉዳቱ ከሲኤፍሲ ያነሰ) ስለሆነ ገና ይገባል፤ ሆኖም በኮታ ነው። አር-134ኤ ኦዞንን አይጎዳም፤ ነገር ግን የዓለምን ሙቀት ስለሚያባብስ በ2016 ኪጋሊ ላይ በተደረገው ማሻሻያ ቁጥጥር ውስጥ ገብቷል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በድብልቆቹ ላይ ነው። ለምሳሌ አር-409ኤ ስሙ አዲስ ቢመስልም ከውስጡ 60 በመቶው አር-22 ስለሆነ «ይኼ ሌላ ጋዝ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ማመልከቻው ላይ የኬሚካሉ ስም፣ የጉምሩክ ታሪፍ ቁጥሩ (ለአር-22 2903.71 ነው)፣ የላኪው ድርጅትና አገር፣ ጋዙ የሚውልበት ሥራ፣ እንዲሁም መጠኑ በኪሎ ግራም ይጻፍ። በሲሊንደር ብዛት ብቻ መጻፍ ስሌቱን ያበላሻል። አንድ የተለመደ ሲሊንደር 13.6 ኪሎ ግራም የተጣራ ጋዝ ይይዛል፤ ስለዚህ 100 ሲሊንደር አር-22 ማለት 1,360 ኪሎ ግራም ነው፤ ይህም የአር-22 የኦዞን ጉዳት መለኪያ በሆነው 0.055 ሲባዛ 74.8 ኪሎ ግራም ይሆናል። በፕሮቶኮሉ ስሌት የሚቆጠረው ይኸኛው ቁጥር ነው። ኮታው ከዓመት ዓመት እየጠበበ መሄዱንም ማሰብ ይገባል፤ የኤችሲኤፍሲ መጠን ከ2025 ጀምሮ ከመነሻው በ67.5 በመቶ ተቀንሷል፤ ከ2030 በኋላም ለጥገና ከሚተወው ጥቂት በቀር ይቆማል። በእኔ አስተያየት ዛሬ በአር-22 ላይ ብቻ ንግድ የሚመሠርት ሰው አርቆ አላሰበም።

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ቅጂው ለላኪው ይላክ። የላኪው አገር የኦዞን ክፍል (የፕሮቶኮሉን ጉዳይ የሚከታተለው የመንግሥት ቢሮ) ብዙ ጊዜ ዕቃውን ከመልቀቁ በፊት የእኛን አገር ክፍል «ይህ አስመጪ ተፈቅዶለታል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የድርጅቱ ስም በፈቃዱና በኢንቮይሱ ላይ በአንድ ፊደል እንኳ ከተለያየ መልሱ ይዘገያል። ከመተማ ተሻግሮ ወደ ሱዳን ጋዝ ለመላክ የሚያስብም እንዲሁ የመውጫ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ሱዳንም የፕሮቶኮሉ አባል ስለሆነች ተቀባዩ በበኩሉ የማስገቢያ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል።

ዕቃው ሲደርስ በጽሑፉና በቀለሙ ብቻ አይታመን። አንድ ጊዜ አር-134ኤ የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ሲሊንደር በርካሽ ገዝቼ፣ ክፍሉ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሳለ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ሳስርበት ከ8 ባር በላይ አነበበ፤ እውነተኛ አር-134ኤ ቢሆን ኖሮ 5 ባር አካባቢ ላይ በቆመ ነበር። ከ8 ባር የሚያልፈው የአር-22 ግፊት ነው። ከዚህ የሚከፋው ሜቲል ክሎራይድ የሚባል ኬሚካል የተቀላቀለበት ጋዝ ነው፤ ይህ ከኮምፕሬሰሩ አሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ ሊፈነዳ የሚችል ውህድ ይፈጥራል። ግፊቱ ያልገጠመ ሲሊንደር ሳይከፈት ተለይቶ ይቀመጥ፤ ወደ አየር ማስተንፈስ በፍጹም አይገባም።

በመጨረሻም የገባው መጠን፣ ቀኑና ገዢው በመዝገብ ይያዝ። አገሪቱ ያለፈውን ዓመት አሐዝ እስከ ሴፕቴምበር 30 ናይሮቢ ለሚገኘው የኦዞን ጽሕፈት ቤት ታሳውቃለች። ከተፈቀደለት ያነሰ ያስገባ ነጋዴም ልዩነቱን በጊዜው ይጻፍ፤ አለዚያ ያልገባው ጋዝ እንደገባ ሊቆጠርና ለሌላ አስመጪ ሊሰጥ ይችል የነበረው ኮታ ታስሮ ሊቀር ይችላል።