ደብተር ዘግቶ ማጥናት

ማትሪክ ስወስድ የታሪክ ደብተሬ ቢጫና ሮዝ ሆኖ ነበር። ያላሰመርኩበት መስመር የለም። አራቴ አንብቤዋለሁ። ፈተናው ላይ ግን የውጫሌ ውል ዓመት ጠፋኝ። ገጹ ይታየኛል፣ የሻይ ጠብታው ሳይቀር ይታየኛል። ቁጥሩ የለም!

አሁን ተራው የታናሽ እህቴ ነው። እሷን ማስመር ከልክያታለሁ።

መጀመሪያ አንድ ርዕስ ታነባለች። ደብተሩን ዘግታ የምታስታውሰውን ባዶ ወረቀት ላይ ትጽፋለች። ከዚያ ከፍታ የቀረውን ታያለች። የቀረው ነው ካርድ የሚሆነው።

ለካርድ የአሮጌ ደብተር ሉክ አራት ቦታ እንቀድዳለን። ፊቱ ላይ ጥያቄ፣ ጀርባው ላይ መልስ። «ስለ ውጫሌ አብራሪ» አይሠራም። «ያጣላው ስንተኛው አንቀጽ ነው?» ይሠራል። 17።

የጫማ ካርቶን ለሦስት ከፍለናል። አንደኛው ክፍል በየቀኑ፣ ሁለተኛው በሦስት ቀን፣ ሦስተኛው በሳምንት ይታያል። የተመለሰ ካርድ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። የተሳተ፣ ሦስተኛው ላይ ቢሆንም፣ ወደ አንደኛው ይመለሳል። እህቴ መጀመሪያ ታጭበረብር ነበር፤ ገልብጣ አይታ «አቦ፣ አውቀው ነበር!» ትላለች። ስለዚህ ሳትገለብጥ ጮክ ብላ መመለስ አለባት።

ዓመተ ምህረት ብቻውን አይያዝም፤ ከሚያውቁት ነገር ጋር ይታሰር። የድሬዳዋ ልጅ ባቡሩን ያውቃል። ሐዲዱ ሐረር ሊሄድ ታስቦ ተራራው ስለከበደ እዚህ ታች መጣ፤ ታኅሣሥ 1895። መጽሐፉ በፈረንጅ ስለሚጽፍ 7 ጨምሪ፦ 1902። ዓድዋ ደግሞ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። ፈረንጆቹ ዓመት ከቀየሩ በኋላ ስለሆነ 8 ይጨመራል፤ 1896። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8። ውጫሌ 1881፣ ከዓድዋ ሰባት ዓመት በፊት። አሁንማ በእንቅልፌም አልስተውም።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ በድሬ ቀትር አትታገሉ። እሷ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ ግቢ ውስጥ ታጠናለች። ከምሳ በኋላ ትተኛለች። እናታችን «ሰነፈች» ትላለች፤ እንቅልፍ ግን ያጠኑትን ያጸናል።

ትናንት አንደኛው ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ካርድ ቀርቶ ነበር። ስድስቱ ባዮሎጂ ናቸው፤ ሦስት አራቴ ተመላልሰዋል። እንዲህ ሲሆን ጥፋቱ የካርዱ ነው። አንዱ ላይ የልብን አራት ክፍሎች ከነሥራቸው አጭቃበታለች። ቀድደን አራት ካርድ አደረግነው።