የሠርግ ካርድ እጥፋቱ ላይ ሲሰነጠቅ

ቱሉ ዲምቱ ቤቴ ቁጭ ብዬ የእህቴን የሠርግ ጥሪ ካርድ በእጄ እየሠራሁ ነበር። ወረቀቱ ወፍራም፣ በካሬ ሜትር ባለ 300 ግራም ነው፣ ፊቱ ሙሉ በሙሉ ቀይ የታተመ። ሳጥፈው ግን እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ይላጣል፤ ነጭ ክር የመሰለ መስመር ይወጣል። ሦስት ቀን በላኝ።

መጀመሪያ በማንኪያ ጀርባ አሸሁት፤ ባሰበት። በካተር ስስ አድርጌ ጫርኩት፤ ሁለቴ ሲከፈት ተቀደደ። ነጩን በማርከር መቀባትም ሞክሬያለሁ። ያስታውቃል፣ እንዳትሞክሩት።

ለካ ወረቀትም እንደ እንጨት አቅጣጫ አለው። አንዱን ሉክ በቁመትም በወርድም ቀስ ብላችሁ ጎበጥ አድርጉት። በቀላሉ እሺ ያላችሁ በየትኛው ነው? እጥፋቱም በዚያው በኩል ይሁን። እኔ በተቃራኒው ነበር የማጥፈው። ስለዚህ አቆራረጤን ቀየርኩ።

ከዚያ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶና የብረት ማስመሪያ ያዝኩ። ከሥር አሮጌ መጽሔት አነጠፍኩ፤ ጠረጴዛው ብቻውን ጠንካራ ነው፣ መስመሩ አይሰምጥም። በታተመው ፊት በኩል ሁለቴ ጫን ብዬ አሰመርኩ። የሚታጠፈው ታዲያ ወደ ስምጠቱ ሳይሆን ወደ ጀርባ ነው፤ ከኋላ የወጣችው ጉብታ ካርዱ ውስጥ ትቀራለች። ይህችን ነበር ገልብጬ የያዝኳት።

80 ካርድ አጠፍኩ። አንድም አልተሰነጠቀ።