አረም የወረሰውን ጓሮ በርካሽ ማልማት፦ ችግሩና መፍትሄው ለደሴና ለኮምቦልቻ

ብዙ ሰው ጓሮውን ለማልማት ሲነሳ መጀመሪያ የሚፈልገው የሚቆፍርለት ሰው ነው። ለቀን ሠራተኛ ይከፍላል፣ ግቢውን በሙሉ ያስገለብጣል፣ ዘር ይበትናል። ከወር በኋላ ጎመኑን ከአረሙ መለየት ያቅተዋል። ገንዘቡም ጉልበቱም ባክኖ ይቀራል።

የእኔ ምክር አንድ መደብ ብቻ ይዛችሁ እንድትጀምሩ ነው። ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ይሁን። ከሁለቱም ወገን ሆናችሁ መሃሉን ሳትረግጡት በእጅ ትደርሱበታላችሁ። አረሙን በማጭድ ከሥሩ አጭዳችሁ እዚያው አጋድሙት። ውሃ አጠጡት። በላዩ ካርቶን በድርቡ አንጥፉ፤ ጠርዙ አንድ ስንዝር ይደራረብ። ስኮቹን ልጣችሁ ጣሉ፣ የሚያብረቀርቀውን ካርቶን አትጠቀሙበት። ካርቶኑን በደንብ አርሱት። ከዚያ አራት ጣት የሚሆን የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ ከላይ ደግሞ ጭድ። በቃ። ካርቶን ፒያሳ ዕቃ ከሚያራግፉ ሱቆች፣ ፍግ ደግሞ ላም ካለው ጎረቤት ለምናችሁ ታገኛላችሁ። በሰኔ መግቢያ ያነጠፋችሁትን ክረምቱ ራሱ ያርሰዋል፤ መስከረም ላይ ችግኝ ይቀበላል።

ይህን አድርጋችሁም ነገሩ የማይሰምርበት ጊዜ አለ። አብሽሩ፣ አብዛኛው ምልክቱን ካወቁት የሚስተካከል ነው።

ካርቶኑን ጥሶ ሰርዶ ወጣ

በዚህ አካባቢ ከሁሉም የሚያስቸግረው ይሄ ነው። የሰርዶ ሥር ከመሬት በታች እየተሳበ ይሄዳል፤ በየአንጓው ያበቅላል። ዶማው አምስት ቦታ ከቆራረጠው አምስት ሰርዶ ይሆናል። ክረምት ላይ የተቆፈረ የሰርዶ መሬት ከበፊቱ የሚብሰው ለዚህ ነው። ካርቶንም ብቻውን በአንድ ክረምት አይጨርሰውም።

የካርቶኑን ጠርዝ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ከሥሩ ነጭ፣ ቀጭን፣ ጫፉ የሾለ ቡቃያ ታገኛላችሁ። በጣታችሁ ተከተሉት። ብዙ ጊዜ ወይ ወደ ሁለት ካርቶን መገናኛ ይሄዳል፣ ወይ ወደ መደቡ ጠርዝ። ያ ነጭ ቡቃያ የሚያድገው ሥሩ ያጠራቀመውን ስንቅ እየበላ ነው። ብርሃን ሳያይ በነቀላችሁት ቁጥር ስንቁ ይመናመናል። አንዴ አረንጓዴ ቅጠል ካወጣ ግን ስንቁን መልሶ ይሞላል። ስለዚህ በየሳምንቱ ዞር ዞር ብሎ ማየት የግድ ነው።

መፍትሄው እንደ ወቅቱ ይለያያል። በጋ ላይ ከሆናችሁ ታኅሣሥና ጥርን ተጠቀሙበት። መሬቱን ገልብጡ፣ ሥሩን በእጃችሁ ለቅማችሁ ቆርቆሮ ወይም ድንጋይ ላይ ፀሐይ አስመቱት። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ድረስ ይድረቅ። እርጥቡን ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ ከጣላችሁት እዚያው ይበቅላል። የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ ይህን መጨረስ ያስፈልጋል።

ሰኔ ደርሶባችሁ ከሆነ መቆፈሩን ተዉት። በመደቡ ዙሪያ አንድ አካፋ የሚሰጥም፣ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቦይ ቁረጡ። ሰዎች የሚረሱት ይሄንን ነው። መደቡን ሸፍነው መንገዱን ይተዉታል፤ ሰርዶው ከመንገዱ ተስቦ ይገባል። ቦዩ ካለ ሲሻገር ታዩታላችሁ፣ እዚያው ትቆርጡታላችሁ።

ሌላም ነገር አለ። ሰርዶ ጥላ አይወድም። በመጀመሪያው ዓመት እዚያ መደብ ላይ ደሴ ከሆናችሁ ድንች፣ ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ዱባ ትከሉ። ቅጠላቸው መሬቱን ይሸፍነዋል። ድንቹን ስታወጡ ደግሞ የቀረውን ሥር አብራችሁ ትለቅማላችሁ። ካሮትና ሽንኩርት ለሰርዶ መሬት አይሆኑም። ቅጠላቸው ቀጭን ነው፣ ጥላ የለውም፤ እነሱን ለከርሞ አቆዩአቸው።

አረሙ ከዘሩ እኩል በቀለ

ይህ ከሥር የሚመጣ አረም አይደለም። ለዓመታት መሬት ላይ የረገፈ ዘር ነው፤ ቁፋሮው ወደ ላይ አወጣው። እንዲህ ዓይነቱን በማታለል ነው የሚያሸንፉት። መደቡን ደልድሉ፣ አጠጡ፣ ግን ምንም አትዝሩ። ከ10 እስከ 14 ቀን ጠብቁ። አረሙ ብቅ ሲል ፀሐያማ ቀን መርጣችሁ ላይ ላዩን ብቻ ፋቁት። ጠልቃችሁ ከቆፈራችሁ ሌላ ዘር ታወጣላችሁ። አንዴ ብትደግሙት ደግሞ የተሻለ ነው። ከዚያ በኋላ የዘራችሁት ካሮት ወይም ሰላጣ እፎይ ብሎ ያድጋል።

ኮምቦልቻ ላይ አንድ ለየት ያለ ጉዳይ አለ፤ ፓርቴኒየም፣ ቅንጨ አረም የሚባለው። ነጫጭ አበባው ሳይፈነዳ ንቀሉት። አንዱ ተክል በሺዎች የሚቆጠር ዘር ያረግፋል። በባዶ እጅ አትንኩት፤ ቆዳ ያሳክካል፣ አበባው አስም ያለበትን ሰው ያስቸግራል። ጓንት ከሌለ ፌስታል እጃችሁ ላይ አድርጉ። ያበበውን ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩ።

ግቢያችሁን ሳማ የወረሰው ከሆነ ግን ደስ ይበላችሁ። ሳማ የሚወደው ለም መሬት ነው፤ የቆየ በረት ወይም የቆሻሻ መጣያ የነበረበት ቦታ ላይ ይበዛል። ዘር ሳይዝ እጨዱት፣ ከካርቶኑ ሥር አጋድሙት።

ችግኙ ቢጫ ሆኖ ቀረ

መጀመሪያ የትኛው ቅጠል ቢጫ እንደሆነ ተመልከቱ።

የታችኛው፣ አሮጌው ቅጠል ወጥ ሆኖ ከገረጣና ተክሉ አላድግ ካለ፣ ናይትሮጅን የሚባለው ቅጠል የሚያሳድግ ምግብ አጥሮታል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ጭዱ ነው። ጭድና ሰጋቱራ ከአፈር ጋር ሲቀላቀሉ፣ የሚያበሰብሷቸው ረቂቅ ነፍሳት የአፈሩን ናይትሮጅን ለራሳቸው ይወስዳሉ። ጭድ ከላይ ሲነጠፍ ይህ ችግር ብዙም አይታይም። ስለዚህ የቀላቀላችሁትን ለቅማችሁ ከላይ አድርጉት። ለጊዜው ደግሞ አንድ እጅ ሽንት በአሥር እጅ ውሃ በጥብጣችሁ፣ ቅጠሉን ሳትነኩ ሥሩ አጠገብ አፍስሱ። ምንም ወጪ የለውም፣ ይሠራል። ጥሬ ለሚበላ ሰላጣ ግን አታድርጉት።

የቅጠሉ ጠርዝ ተቃጥሎ ተክሉ በቀን ከጠወለገ ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ፍጉ አልበሰለም። እጃችሁን ወደ ፍጉ ክምር መሃል አስገቡ። ሙቀት ካለው፣ ሽታውም አፍንጫ የሚወጋ ከሆነ ገና ነው። ሸፍናችሁ ቢያንስ ለሦስት ወር አቆዩት፣ መሃል ላይ አገላብጡት። የበሰለ ፍግ የአፈር ሽታ ነው ያለው።

አልፎ አልፎ አዲሱ ቅጠል ተጠማዞና ተሸብሽቦ ይወጣል። ጭዱ ወይም ፍጉ የአረም መድኃኒት ከተረጨበት ማሳ የመጣ ሊሆን ይችላል። ለመፈተን አንድ ጣሳ ፍግ ከአፈር ጋር ቀላቅላችሁ ሦስት አራት የባቄላ ፍሬ ዝሩበት። ሌላ ጣሳ ላይ አፈር ብቻ። የመጀመሪያው ብቻ ተጣሞ ከበቀለ ያንን ፍግ ለመደባችሁ አትጠቀሙበት።

ሐምሌ ላይ መደቡ ጠፋ

ደሴና ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁም መሬታቸው ለየቅል ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ ነው የተቀመጠችው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ 1,850 ሜትር አካባቢ ናችሁ፤ ሜዳው ላይ ብዙ ቦታ ጥቁር አፈር ነው።

ደሴ ላይ ችግሩ ጎርፍ ነው። ብዙዎች ውሃው እንዲወርድላቸው ብለው መደቡን ከላይ ወደ ታች ያደርጉታል። ሐምሌ ላይ ፍጉ ካርቶኑን ይዞ ጎረቤት ግቢ ይገባል። መደቡ ተዳፋቱን አቋርጦ፣ በአግድም መሥራት አለበት። ከታች በኩል ያገኛችሁትን ድንጋይ ደርድሩ፤ ከላይ በኩል ውሃውን ወደ ጎን የሚመራ ትንሽ ቦይ ቁረጡ።

ኮምቦልቻ ላይ ውሃው ይተኛል። ጥቁር አፈር ሲረጥብ አያሳልፍም፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ምልክቱ ቢጫ የሆነ፣ ሥሩ የጠቆረና የሚሸት ችግኝ ነው። መደቡን ከመንገዱ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። አፈሩን ከመንገዱ ውሰዱ፣ መንገዱ ራሱ ቦይ ይሆናል። እርጥብ ሆኖ አትርገጡት፣ አትቆፍሩትም። በበጋ ስታጠጡ ደግሞ ከፋብሪካ ፍሳሽ በታች ያለ የወንዝ ውሃ ለሚበላ አትክልት አትጠቀሙ።

ካርቶኑ ደርቆ እንደነበረ ቀረ፣ ወይም ምስጥ በላው

ደረቅ ካርቶን ውሃን ይመልሳል እንጂ አይበሰብስም። ሳይርስ ከተነጠፈ ገልጣችሁ መሬቱንም እሱንም አርሱ። ምስጥ ያለበት የኮምቦልቻ ግቢ ላይ በጋ ካርቶን ባታነጥፉ ይሻላል፤ ዝናቡን ጠብቁ።

ጠዋት ችግኙ ተቆርጦ ተገኘ

ግንዱ ከአፈሩ ላይ ተቆርጦ ቅጠሉ አጠገቡ ከተጋደመ፣ ቆራጭ ትል ነው። ቀን አፈር ውስጥ ይደበቃል፣ ሌሊት ይሠራል። የተቆረጠው ችግኝ ዙሪያ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ጫር ጫር አድርጉ፤ ግራጫ፣ ተጠቅልሎ የተኛ ትል ታገኛላችሁ። አረም የወረሰው መሬት ላይ የሚበዛው አረሙ ምግቡ ስለሆነ ነው። ስለዚህ መሬቱ ከተጸዳ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ትከሉ። ከሃይላንድ ፕላስቲክ ቀለበት ቆርጣችሁ ችግኙን አልብሱት፤ ግማሹ አፈር ውስጥ ይግባ።

ቅጠሉ ተበሳስቶ የሚያብረቀርቅ ልጋግ ካለ ቀንድ አውጣ ነው። እርጥብ ካርቶን ሥር ይወዳል። ማታ በባትሪ ልቀሙት፤ በችግኙ ዙሪያ ያለውን ጭድም ገለል አድርጉ።

ተክሉ እንዳለ ወደ ታች ተስቦ ከጠፋና አጠገቡ የአፈር ቁልል ካለ ግን ፍልፈል ነው። ከመሬት በታች የቆፈረው መንገድ ከተከፈተበት ለመድፈን ስለሚመጣ ወጥመድ የሚጠመደው እዚያው ነው። የሚያውቅበት ሰው ካላገኛችሁ፣ ካሮትና ድንች ትታችሁ ቆስጣና ሰላጣ ትከሉ።

አድጎ አድጎ በአንድ ሌሊት ጠቆረ

ውርጭ ነው። ደሴ ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ የሌለበት ምሽት ያሰጋል። ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች አይችሉትም። ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ነጭ ሽንኩርት ይችሉታል። የማይችሉትን ማታ በማዳበሪያ ጆንያ ሸፍኑ፣ ቅጠሉን እንዳይነካ በእንጨት አቁሙት፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ግለጡ። ኮምቦልቻ ያለ ሰው የውርጭ ሥጋቱ እምብዛም ስለሆነ፣ ውሃ ካለው ቲማቲሙን በዚያው ወር መትከል ይችላል።