የሚወደድ ወንጀለኛ ስትጽፉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሥራዬ የሌሎች ሰዎችን የድራማ ጽሑፍ ማንበብና ማረም ነው። ሰሞኑን አራት የወንጀል ድራማዎች ደረሱኝ። አራቱም ውስጥ ተመልካቹ እንዲወደው የታሰበ ክፉ ሰው አለ። ሐሳቡን እወደዋለሁ። እኔም እንዲህ ያለ ድራማ ሲጀምር ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ የምረሳ ሰው ነኝ። ግን አራቱም ላይ ያው ስህተት ተደጋገመ። ሌሎችም አሉ። አንድ ላይ ልጻፋቸው።

መጀመሪያ፣ ልጅነቱን አታስቀድሙ። የመክፈቻው ትዕይንት ላይ ዝናብ ይዘንባል። ሕፃን ልጅ ጥግ ላይ ኩርምት ብሏል። የእንጀራ አባቱ ቀበቶ ይፈታል። ከዚያ «ከ25 ዓመት በኋላ» የሚል ጽሑፍ ይመጣና ልጁ አድጎ ሽጉጥ ይዞ እናየዋለን። እባካችሁ ይሄን ተዉት። ስለተገረፈ እናዝንለት ይሆናል። ማዘን ግን መውደድ አይደለም። የምንወደው አሁን የሚሳሳለት ነገር እንዳለው ስናይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ «ዘ ሶፕራኖስ» ተመልከቱ። ቶኒ የኒው ጀርሲ የማፊያ አለቃ ነው። መጀመሪያ የምናየው የአእምሮ ሐኪም ቢሮ ተራ ሲጠብቅ ነው። ለምን መጣ? መዋኛ ገንዳው ውስጥ የሰፈሩ ዳክዬዎች ነበሩ። ሲያበላቸው ከረመ። አንድ ቀን ክንፍ አውጥተው በረሩ። ያ ግዙፍ ሰውዬ እዚያው ራሱን ስቶ ወደቀ። ስለ እናትና አባቱ ጉድ የምንሰማው ቀስ በቀስ ነው። ያኔ እኛ ወደነዋል።

ሁለተኛው ስህተት ነውር የሌለው ክፉ መጻፍ ነው። የትኛውም ሰው ነውር የሚለው ነገር አለው። ሌባም አለው። ባልቲሞር በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ የሚካሄደው «ዘ ዋየር» ላይ ኦማር የሚባል ዘራፊ አለ። የሚዘርፈው ዕፅ አዘዋዋሪዎችን ነው እንጂ ተራውን ሰው አይነካም። ስድብ ከአፉ አይወጣም። እሑድ አያቱን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። አንድ እሑድ ጠላቶቹ ተኮሱበት። እሱ ተረፈ፤ የአያቱ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣ ግን በጥይት ተበሳ። ኦማርን ያንገበገበው ሊገድሉት መምጣታቸው አይደለም። በሰንበት መምጣታቸው ነው። ለእኛ ተመልካች ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም።

ፖሊሱን ደደብ አታድርጉት። ደደብን ያመለጠ ሰው ጎበዝ አይባልም።

ጉብዝናውንም በሌላ ሰው አፍ አታስወሩ። «ይሄ ሰው እኮ ሊቅ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ካያችሁ ሰርዙት። ሥራውን ሲሠራ አሳዩን። ሰው እጁ ላይ ሙያ ያለውን ሰው ቁጭ ብሎ ማየት ይወዳል፤ አናጢም ይሁን ሌባ። በስፔኑ «ላ ካሳ ዴ ፓፔል» ላይ ፕሮፌሰሩ ማድሪድ ያለውን የገንዘብ ማተሚያ ቤት ያስይዛል። ግን ከማንም ኪስ አይወስድም። ታጋቾቹን ይዘው አዲስ ብር ያትማሉ። ዕቅዱ ሰው መግደልን ይከለክላል። ብልጠቱንም ነውሩንም በአንድ ዕቅድ ውስጥ አየናቸው።

አሁን ደግሞ ፍርሃት። ጀማሪዎች ወንጀለኛቸውን ከወደዱት በኋላ ክፉ ሥራ ማሠራት ይፈራሉ። ሽጉጡ ይከሽፋል። ሌላ ሰው ቀድሞ ይገድልለታል። የቶኒ ፈጣሪ ዴቪድ ቼዝም በዚህ ተፈትኗል። በ5ኛው ክፍል ቶኒ ልጁን ሜይን ወደሚባለው ግዛት ኮሌጅ ሊያስመርጣት ይዟት ይሄዳል። እዚያ ማፊያውን ከድቶ የተደበቀ ሰው ያያል። በገዛ እጁ በገመድ አንቆ ይገድለዋል። ከዚያ ወደ ልጁ ይመለሳል። የጣቢያው ኃላፊዎች ተመልካቹ ይጠላዋል ብለው ሰግተው ነበር። ቼዝ ግን ካልገደለው ቶኒን ማን ያምነዋል አለ። ትክክል ነበር። ልጁን የሚያቅፉት እጆችና ገመዱን የሳቡት እጆች አንድ ናቸው። ድራማው በዚህ መልኩ 86 ክፍል ሄደ።

የሰውዬውን ሰበብ ራሳችሁ አትመኑት። ይሄን እኔም ሠርቼዋለሁ፤ አሁንም ያንን ጽሑፍ ሳስበው ያሳዝነኛል። ወንጀለኛዬ «ሁሉን የማደርገው ለልጆቼ ነው» ሲል አብሬው አለቀስኩ። እሱን የምትጠይቀውን ሚስቱን ጨቅጫቃ አደረግኳት። «ገንዘቡ ከየት መጣ?» ማለቷ እንደ ጥፋት ተቆጠረባት። «ብሬኪንግ ባድ» ላይ የዋልተር ሚስት ስካይለር ላይ ይሄው ደርሷል፤ ያውም በተመልካቹ። ባሏ የኬሚስትሪ መምህር ነበር፤ ካንሰር ሲይዘው ሜት የሚባለውን ዕፅ ማምረት ጀመረ። ሰዎች ግን እሷን ጠሉ። ተዋናይቷ አና ገን እ.ኤ.አ. በ2013 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ስለዚህ ጥላቻ ጽፋለች፤ ከገጸ ባሕርይዋ አልፎ ወደ ራሷ እንደመጣ። ደራሲዎቹ ግን የዋልተርን ሰበብ አላመኑም። በመጨረሻው ክፍል ለዚያችው ሚስቱ እውነቱን ይነግራታል። ለቤተሰብ አልነበረም። ለራሱ ነበር፤ ይወደው ነበር፤ ጎበዝም ነበር። 62 ክፍል ሙሉ ያንን ቃል ስንጠብቅ ነበር።

ተዋናዩን ሳታዩ ገጸ ባሕርዩ መቼ እንደሚሞት አትወስኑ። «ጀስቲፋይድ» ላይ ቦይድ የሚባለው ወንጀለኛ ገና በመጀመሪያው ክፍል እንዲሞት ተጽፎ ነበር። ዋልተን ጎጊንስ ሲጫወተው ሰው ወደደው፤ እስከ መጨረሻው ቆየ።

ወደ ዋናው ልምጣ። አራቱም ጽሑፎች ላይ ያየሁት ይሄ ነው። የሚሞቱት ሰዎች ስም የላቸውም። «ዘበኛ 1»፣ «ዘበኛ 2»፣ «ሾፌር»፣ «ገንዘብ ተቀባይዋ ሴት»። አንዱ ጽሑፍ ላይ 11 ሰው ይሞታል፤ አንዱም ስም የለውም። ደራሲው ሲጠየቅ የሚሰጠው ምክንያት ሁሌ አንድ ነው። «ሟቹን ካወቅነው ወንጀለኛውን እንጠላዋለን።» ለዚህ ነው እንዴ ሰውን እንደ ዕቃ የምትጥሉት? ማንም ካልተጎዳ ወንጀሉ የቱ ጋ ነው? ተመልካቹ ወንጀለኛውን መውደዱ ምንም ካላስከፈለው ያ መውደድ ሳምንት አይቆይም። እየወደድነው እንድንጨነቅ አድርጉን። እኛን እንቅልፍ የሚነሳን ጭንቀቱ ነው።

«ብሬኪንግ ባድ» ላይ ዋልተር፣ አብሮት ዕፅ የሚያመርተውን የጄሲን ፍቅረኛ ጄንን ሲያያት አስታውሱ። ዕፅ ወስዳ ተኝታለች። ተፋች፤ ትውከቷ ሊያንቃት ነው። ቢገለብጣት ትተርፋለች። ቆሞ አያት። ሞተች። ስም የሌላት ልጅ ብትሆን እዚያው ያበቃ ነበር። ጄን ግን አባት አላት። አባቷ የአውሮፕላን በረራ ተቆጣጣሪ ነው። ሐዘኑ ሳይወጣለት ሥራ ይመለሳል። ከተማው ሰማይ ላይ ሁለት አውሮፕላን ይጋጫል። 167 ሰው ያልቃል። ከሰማይ የወደቀ የልጅ አሻንጉሊት ድብ፣ ግማሹ የተቃጠለ፣ የዋልተር መዋኛ ገንዳ ውስጥ ያርፋል።

ይሄን ለመረዳት እኔ አሜሪካ ድረስ መሄድ አላስፈለገኝም። ከዓመታት በፊት የጻፍኩት ድራማ ውስጥ ዘራፊው ባንክ ሲገባ በሩ ላይ ዘበኛ ይመታል። «ዘበኛ 2» ይላል ወረቀቱ። ትዕይንቱ ፈጣን ነበር፤ ሁላችንም ወደድነው። በተላለፈ ማግስት ጠዋት የቢሮአችን ሕንፃ ጥበቃ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ በሩን ከፍተውልኝ አላሳልፍ አሉኝ።

«ልጄ፣ ያን ሰውዬ ማን ቀበረው?»

«የትኛውን አባባ?»

«በሩ ላይ የወደቀውን። ዕድርተኛ አልመጣ። ሚስቱ አላለቀሰች። እንዲሁ ቀረ?»

የምመልሰው አጣሁ። ያን ቀን ቢሮ ገብቼ ምንም ሳልጽፍ ዋልኩ። ከሁለት ክፍል በኋላ የለቅሶ ቤት ትዕይንት ጨመርኩ። ፕሮዲውሰሩ ለድንኳን ገንዘብ የለም አለ። ከሰፈር ዕድር ለምነን አገኘን። ዘራፊያችን በዚያ ሰፈር በመኪና ሲያልፍ ድንኳኑን ያያል። ፍጥነቱን ይቀንሳል። አይወርድም። ከዚያ ክፍል በኋላ ነው ሰዎች ስለ እሱ በየታክሲው ማውራት የጀመሩት። ዘበኛው ደግሞ ስም አገኘ፤ አበራ። አሁን ከእኔ ጋር የሚሠራ ሰው ሁሉ ሰው ከመግደሉ በፊት ስሙን፣ ምሳ ዕቃውን፣ ማታ ቤት የሚጠብቀውን ሰው እንዲጽፍ አደርጋለሁ። ካሜራ ላይ ባይታይም።

የመጨረሻው የውጭ ወንጀል መቅዳት ነው። ጥቁር መነጽር፣ ጥቁር መኪና፣ «ቦስ» የሚል ጠባቂ። «ዘ ዋየር»ን የፈጠረው ዴቪድ ሳይመን የባልቲሞር ጋዜጠኛ ነበር፤ አብሮት የሠራው ኤድ በርንስ እዚያው ከተማ የግድያ መርማሪ ፖሊስ ነበር። የሚያውቁትን ሰፈር ጻፉ። የእኛስ ሰፈር? የተጭበረበረ የቦታ ካርታ የሚሸጠው፣ ዶላር የሚመነዝረው፣ የዕቁብ ገንዘብ ይዞ የሚጠፋው። እነዚህን ሰዎች እናውቃቸዋለን። አንዳንዶቹን እንወዳቸዋለን። «ሰው ለሰው» ላይ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን ያየ ሰው፣ የእኛን ክፉ በእኛው ቋንቋ ሲያወራ መስማት ምን እንደሆነ ያውቃል።

ከአራቱ ጽሑፎች አንዱ ስለ ደላላ ነው። የጻፈችው ገና 24 ዓመቷ ነው። ደላላው የሰፈር ልጆችን ወደ አረብ አገር ይልካል። ለጋስ ነው። ተጫዋች ነው። ሰርግም ለቅሶም አይቀርም። አንዷ ልጅ ሬሳዋ ከቤይሩት ይመጣል። የመጀመሪያው ጽሑፏ ላይ ልጅቷ «ሟች» ነበረች። ስም ስጫት አልኳት። ሰጠቻት፤ ትዕግሥት። ከዚያ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ ለቅሶው ላይ ያልቅስ ወይስ አያልቅስ?»

«ዕድሩ ውስጥ ሥራው ምንድን ነው?» አልኳት።

ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ «ጸሐፊው ነው» አለች። «መዝገቡን የሚይዘው እሱ ነው። ስሟን የሚጽፈው እሱ ነው።»

አሁን ያንን ትዕይንት እየጻፈች ነው። እስክትልክልኝ እየጠበቅኩ ነው።