ባሕር ዳር አዲስ ቤት ስትገቡ፦ ከአጎበሩ እስከ ዘጌ ቡና

ባሕር ዳር ቤት ተከራይታችሁ ልትገቡ ነው? እንኳን ደህና መጣችሁ። ስለ ሶፋና ስለ መጋረጃ የሚነግራችሁ ሰው አይጠፋም። እኔ የማወራው ስለ መጀመሪያው ሳምንት ነው። እዚህ ከተማ ቤቱ የእናንተ የሚሆነው ጎረቤት ገብቶ ቡና ሲጠጣበት ነው፤ ቡናው ደግሞ ራሳችሁ ጣና ሐይቅ ላይ ካለው ባሕረ ገብ መሬት፣ ዘጌ፣ ሄዳችሁ ያመጣችሁት ቢሆን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ቤቱን ለመኖር ያህል አሰናዱት፣ አንድ ቀን ዘጌ ደርሳችሁ ተመለሱ፣ ከዚያ ጎረቤት ጥሩ።

ዕቃ ከመግባቱ በፊት

ቁልፍ በተቀበላችሁ ቀን ባዶውን ቤት እዩት። ቧንቧውን ክፈቱ። ውሃ ከሌለ በግቢው ቆየት ያለ ተከራይ ፈልጉና "ውሃ መቼ መቼ ነው የሚመጣው?" በሉት፤ ሰፈር ከሰፈር ይለያያል፣ ሌሊት ብቻ የሚመጣበትም አለ። ሮቶ ካለ ክዳኑን ከፍታችሁ ውስጡን አይታችሁ አሳጥቡት። ከሌለ በርሜልና ሁለት ሦስት ጀሪካን ከአልጋውም ቀድመው ይገዙ።

ቆጣሪውን ከአከራዩ ጋር ቆማችሁ አንብቡና በስልክ ፎቶ አንሱት። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ሂሳቡ እንዴት እንደሚካፈል ያኔውኑ ተነጋገሩ፣ በኋላ ጭቅጭቅ ነው። ደግሞ የምጣዱን ነገር አደራ። እኔ አንድ ቤት በገባሁ በሁለተኛው ቀን ምጣድ ሰክቼ ሶኬቱ ቀለጠ፣ ግቢው በሙሉ ጨለማ ውስጥ አደረ፤ ገና ስማቸውን እንኳን የማላውቃቸው ጎረቤቶቼ ሻማ ይዘው ሲወጡ ያፈርኩት እስካሁን አይረሳኝም። ምጣድ ብዙ ኃይል ይስባል፣ ለሞባይል ቻርጀር የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ አይችለውም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርታችሁ ምጣዱ የብቻው መስመር እንዳለው አስፈትሹ።

ከሌላ ከተማ የመጣችሁ ከሆነ ከድሮው ቀበሌ መሸኛ ይዛችሁ ኑ። ዕቃ አውራጆችን ደግሞ አንድም ካርቶን ሳይነሳ ዋጋ ተስማሟቸው።

የመጀመሪያው ማታ

ካርቶኑ ሁሉ ይቆይ፣ አጎበሩ ግን ይሰቀል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐይቅ ዳር ናት፣ ወባ አለ። በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ መዘናጋት አያስፈልግም። አጎበሩን ከመስቀላችሁ በፊት ወደ ብርሃን አንስታችሁ ቀዳዳ እንደሌለው እዩ፣ ካለ በመርፌ ስፉት። ጫፉን መሬት ላይ አትጎትቱት፤ ዙሪያውን ከፍራሹ ሥር አስገቡት። ማታ አልጋው ላይ ወጥታችሁ ስታበቁ ያነሳችሁትን በኩል መልሳችሁ ከውስጥ ወትፉት፣ ብዙ ሰው የሚረሳው ይሄን ነው። በሩንና መስኮቱን 12 ሰዓት ሳይሞላ ዝጉ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላችሁ ደግሞ "ድካም ነው" ብላችሁ አትተኙ፣ ሄዳችሁ ተመርመሩ።

ዘጌ ደርሶ መመለስ

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ካርቶኑ ያንገሸግሻችኋል። ያኔ ውጡ። ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ በመኪናም ይደረሳል። ከመነሳታችሁ ከአንድ ቀን በፊት ግን የመንገዱን ሁኔታ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ፣ እንዳይመሽባችሁም አድርጋችሁ ተመለሱ።

በጀልባ ከሆነ በጠዋት ተነሱ። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ጀልባውን ያንገላታዋል። የመልሱንም ዋጋ ጨምራችሁ ተነጋገሩ፣ ላይፍ ጃኬት ሳይሰጣችሁ አትሳፈሩ። በመንገዳችሁ ከደንገል የተሠራ ታንኳ ማገዶ ጭኖ ወደ ከተማ ሲቀዝፍ ታያላችሁ። ባለ ታንኳው ውሃው ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ጀልባችሁ በአጠገቡ ሲያልፍ ፍጥነት እንዲቀንስ ለሹፌሩ ንገሩት፣ ሞገዱ ያስቸግረዋል።

ዘጌ ስትደርሱ በዛፍ ጥላ የተሸፈነ መንገድ ይቀበላችኋል፣ ግራና ቀኙ ቡና ነው። እዚያ መሬት አይታረስም። የአካባቢው ሰው ሲያወራ፣ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ ይላል፤ የዘጌ ሰው ሲኖር የኖረውም በእነዚሁ ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረትንና አዝዋ ማርያምን ተሳለሙ። ነጠላ ያዙ፣ ጫማችሁን በር ላይ አውልቁ፣ የዑራን የግድግዳ ሥዕሎች ደግሞ አትቸኩሉባቸው፣ መቅደሱን እየዞራችሁ አንድ በአንድ እዩአቸው። እነዚህ ሁለቱ ሴቶችንም ያስገባሉ፤ በመንገድ ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ግን ለወንዶች ብቻ ነው፣ ቤተሰብ ይዛችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ አስቡበት።

ከዚያ ቡናችሁን ግዙ። የተቆላ አትግዙ፣ ጥሬውን ነው። አንድ ፍሬ አንስታችሁ በጥርስ ንከሱት፦ ጥርስ ከገባበት ገና አልደረቀም፣ ቤት ስታደርሱት ይሻግታል። ጠንክሮ ቀጭ ካለ ደርቋል። እፍኝ ሙሉ አንስታችሁ አሽትቱት፣ የጭስ ወይም የሻጋታ ጠረን ካለው ተዉት። ለመጀመሪያው ቡና አንድ ኪሎ ይበቃል። ጌሾ ለጠላ የምትፈልጉ ከሆነም እዚያው አለ።

ጎረቤት መጥራት

በማግስቱ ጠዋት ራሳችሁ በየበሩ ሄዳችሁ ጥሩ። ልጅ አትላኩ፣ ስልክም አይሆንም። "እትዬ፣ አዲስ ገቢ ነን፣ ከሰዓት ቡና እንድትጠጡልን ነው" ማለት ይበቃል። ወንበር ካልሞላ ጀሪካን ገልብጣችሁ ጨርቅ ጣል አድርጉበት፣ ማንም አይቀየምም። ቡናውን ልቀሙት፣ እጠቡት፣ እንግዶቹ ከተቀመጡ በኋላ ቁሉት፤ ጭሱን በየተራ አዙሩላቸው። ፈንዲሻ ወይም ቆሎ ይኑር። ትልቋ እናት ሳይመርቁ አይነሱም፣ አሜን በሉ።

አቦሉ ላይ ከየት እንደመጣችሁ ይጠይቋችኋል። ቶናው ላይ ስለ ውሃው፣ ስለ ጥሩው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ቆሻሻ በየትኛው ቀን እንደሚወሰድ ጠይቋቸው። በረካው ላይ ደግሞ ስለ ሰፈሩ እድር አንሱ፤ ሰብሳቢው ማን እንደሆነና መመዝገቢያው ስንት እንደሆነ ያን ቀን ይነግሯችኋል።